ከታናሽ ይጀመር ያሉት እትዬ ፀዳል

እትዬ ፀዳልን የፈለገ ሰው ጅቡቲ፣ ፒኬ ዱዝ ይሂድና፣ ከባድ መኪኖቹ የሚቆሙበት ሜዳ ላይ ከሸራ ስር የወጡ ሁለት እግሮች ይፈልግ። በዚያ ሙቀት ካልሲ ያደረጉ እግሮች ካየ እሳቸው ናቸው። ካልሲው መሬቱ ስለሚፋጅ ነው። "እትዬ ፀዳል!" ብሎ ሲጣራ ከስር "ቆይ፣ አንድ ቀረችኝ!" የሚል ድምፅ ይሰማል። ሁልጊዜ አንድ ቀረችኝ ነው የሚሉት። አንድ ብቻ ቀርታ ግን አይቼ አላውቅም።

ስራቸው የመኪና ሸራ መጠገን ነው። ሾፌሮቹ ከወደብ ስንዴ ወይም ማዳበሪያ ጭነው ወደ አገር ሲወጡ፣ ሸራው ቀዳዳ ካለው ጭነቱ ይበላሻል። ሌሎቹ ሸራ ሰፊዎች ሸራውን ዘርግተው ከላይ በእጃቸው እየዳሰሱ ነው ቀዳዳ የሚፈልጉት። እትዬ ፀዳል ግን ከስሩ ይገባሉ። ጨለማው ውስጥ በጀርባቸው ተንጋለው ወደ ላይ ሲያዩ ፀሐይዋ በየቀዳዳው ትገባለች፣ ትንሿ ቀዳዳ ሳትቀር ቁልጭ ብላ ትታያለች። በጠመኔ ያከቧታል፣ ይወጣሉ፣ ይሰፏታል።

"ከላይ ሆነሽ ስታዪው ደህና ሸራ ነው። ስሩ የተኛ ነው የሚያውቀው" አሉኝ አንድ ቀን። ያኔ ስለ ሸራ ብቻ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።

የተወለዱት እዚሁ ጅቡቲ ነው። አባታቸው ባቡር ጣቢያ የፉርጎ ሸራና የወንበር ቆዳ ይሰፉ ነበር። ባቡሩ ሲቆም ለልጃቸው የተረፈው ወስፌውና ወፍራም መርፌው ነው። "ባቡሩ ሄደ፣ መርፌው ቀረ" ይላሉ እትዬ ፀዳል እየሳቁ። ባላቸው ቀደም ብለው ስለሞቱ አንድ ልጃቸውን በእምነትን በዚያው መርፌ አሳደጉት።

በእምነትን ሰፈሩ ሁሉ ጨዋ ልጅ ነው ይለው ነበር። ትምህርት ቤት ሂድ ሲባል እሺ። ትምህርቱ ይቅርና መኪና ላይ ረዳት ሁን ሲባል እሺ። አጎትህ ዘንድ ግባ ሲባል እሺ። አንድ ቀን ጠዋት አልጋው ባዶ ሆኖ ተገኘ። በኦቦክ በኩል ጀልባ ተሳፍሮ ወደ የመን ተሻግሮ ነበር። ድምፁ ለረጅም ጊዜ ጠፋ። እትዬ ፀዳል ያን ጊዜ ሸራ ስር ገብተው ቶሎ አይወጡም ነበር ይላሉ ሾፌሮቹ። በኋላ እግዚአብሔር ይመስገን ከሳውዲ ደወለ። አሁን ስራ አለው፣ ዓርብ ዓርብ ይደውላል።

"ልጄ እሺ እያለ አደገ፣ እሺ እያለ ሄደ" አሉኝ። "አንድ ቀን እምቢ ቢለኝ ኖሮ እኮ ቁጭ ብለን እናወራ ነበር።"

ይሄን ያስቀደምኩት ቀጥሎ የምጽፈው ነገር ሁሉ ከዚህ ስለመጣ ነው።

ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ የወጣቶች ቤት አለን። የከፈተው የኢትዮጵያውያኑ እድር ነው። ወጣቱ መንገድ ላይ ከሚውል፣ ጀልባ ከሚያስብ፣ የሚቀመጥበት ቤት ይኑረው ብለው ነው የከፈቱት፤ በደግነት ነው። ፒንግ ፖንግ ገዙ፣ የአማርኛ መጽሐፍ ከአዲስ አበባ አስመጡ፣ ቬንትሌተር ሰቀሉ። የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ፍስሐ ናቸው። ድሮ ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ፣ አሁንም ሰው ሲያዩ ትኬት የሚጠይቁ ነው የሚመስሉት። የቤቱን ቁልፍ በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል።

ሁሉ ነገር ተሟልቶ ወጣት ግን አይመጣም። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አንዳንዴ ራሳቸው ፒንግ ፖንግ ይጫወታሉ።

አንድ ጊዜ ከአንድ የውጭ ድርጅት እንግዶች መጥተው ቤቱን ዞረው አዩና "ወጣቶቹስ የት አሉ?" አሉ። ሽማግሌዎቹ አፈሩ። ከዚያ በኋላ ነው እኛን ሦስታችንን የቤቱ ኮሚቴ ውስጥ ያስገቡን። አንዷ እኔ ፅዮናዊት ነኝ፣ ቡላኦስ ሰፈር ጨርቅ ሱቅ እሰራለሁ። አንዱ ሙሐዲን ነው፣ ቤተሰቡ ከድሬዳዋ ናቸው፣ እሱ እዚህ ተወልዶ ሊሴ ይማራል፣ ምላሱ ሹል ነው። ሦስተኛዋ ቡርቱካን ናት። ራስ ዲካ የሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሰራለች፣ ከሁላችንም ትንሿ እሷ ናት። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ማዳሟ ስለምትፈቅድላት ስብሰባ ትመጣ ነበር።

በኮሚቴው ውስጥ የኛ ስራ ወንበር ማምጣት፣ ውሃ ማደልና ፎቶ መነሳት ነበር። ንግግሩ በትልቅ ይጀመራል። ጋሽ ፍስሐ ይናገራሉ፣ ቀጥሎ ከእሳቸው ትንሽ የሚያንሱት፣ እንዲህ እያለ ይወርድና እኛ ጋ ሲደርስ ነገሩ አልቋል። "ወጣቶቹስ ምን ትላላችሁ?" ይሉናል። "እሺ" እንላለን። "ጥሩ፣ ወጣቶቹም ተስማምተዋል" ይላሉ ጋሽ ፍስሐ። እውነትም የተስማማን ይመስላቸው ነበር። እንደዚያ ነው ሁላችንም ያደግነው፤ ትልቅ ሰው ከተናገረ በኋላ ልጅ ሌላ ምን ይላል?

ሙቀቱ ሊገባ ሲል በአንድ ሐሙስ ጋሽ ፍስሐ ከበድ ያለ ነገር ይዘው መጡ። የእድሩ ድንኳንና ወንበር ማስቀመጫ አጥቷል፣ ከባህሩ የሚመጣው ጨው ንፋስ ብረቱን እየበላው ነው። የወጣቶች ቤት ደግሞ ባዶውን ነው። "እንግዲህ" አሉ፣ "ወጣቱ ካልፈለገ በግድ አይሆንም። ቤቱን ለድንኳኑ መጋዘን እናድርገው።" ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተናገሩ። ሁሉም ደግ አሳብ ነው አሉ። እኔ ውሃ እያደልኩ ነበር።

"ወጣቶቹስ ምን ትላላችሁ?" አሉ ጋሽ ፍስሐ።

ሙሐዲን "እሺ" ሊል አፉን ከፈተ።

እትዬ ፀዳል ተነሱ። ኮሚቴው ውስጥ ከገቡ ቆይተዋል፣ ግን ብዙ አይናገሩም ነበር። መጥተው የውሃውን ካርቶን ከእጄ ወሰዱና "ተቀመጪ" አሉኝ። ከዚያ እያደሉ፣ ማንንም ሳያዩ፣ "ዛሬ እንደገና እንነጋገር። ከታናሽ ይጀመር" አሉ።

ጋሽ ፍስሐ መነጽራቸውን አወለቁ። "እንዴት ከታናሽ? ፀዳል፣ ጸሎት እንኳን በትልቅ አይደል የሚጀመር?"

"ጸሎቱንማ እርስዎ ጀምረው አሜን ብለናል። አሁን ወሬ ነው።"

"ኧረ ተይ፣ እኛስ የተማርነው በዚህ አይደለም እንዴ? ትልቅ ተናግሮ ትንሽ ሰምቶ!"

"አዎ። እኔም አንድ ልጅ እንደዚያ አሳደግሁ" አሉ እትዬ ፀዳል።

በእምነትን የማያውቅ አልነበረም። ጋሽ ፍስሐ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና በእጃቸው ወደ ቡርቱካን አመለከቱ።

ቡርቱካን መሬት ልትገባ ደረሰች። "እኔ ምን አውቃለሁ፣ እትዬ።"

"አዋቂ አልፈለግሁም። እሁድ እዚህ መጥተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ለምን?"

"እሁድ ስራ ነኝ።"

"እኔም ትምህርት ነኝ" አለ ሙሐዲን።

"እኔም ሱቅ ነኝ" አልኩ እኔ። ድምፄ የወጣው እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቤቱ የሚከፈተው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነበር፣ አገር ቤት እንደሚደረገው። ጅቡቲ ግን ሰው የሚያርፈው ዓርብ ነው። እሁድ ትምህርት ቤቱም፣ ሱቁም፣ ወደቡም ስራ ነው። ዓርብ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ቤቱን ቆልፈው ያርፋሉ። እዚህ ግማሽ ዕድሜያቸውን ኖረው፣ ልጆቻቸው ዓርብ ዓርብ ቤት ሲውሉ እያዩ፣ እሁድ ግን ከልባቸው አልወጣም።

"እሁድ ሰው ሁሉ ነጻ ነው ብለን እኮ ነው" አሉ ጋሽ ፍስሐ ቀስ ብለው።

"ጋሼ፣ ነጻ የሆነው ቅዳሴ የሄደው ሰው ነው" አለ ሙሐዲን።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አትናገሩም ነበር? ሁልጊዜ ጠይቀናችሁ የለም?"

"ጠይቃችኋል ጋሼ። ከወሰናችሁ በኋላ ነዋ።"

አንድ ሽማግሌ ሳቁ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ ጋሽ ፍስሐ ራሳቸው በጢማቸው ስር ፈገግ አሉ። መጨረሻ ላይ ድንኳኑ ትንሽ ይቆይ፣ ዓርብ ዓርብ ቤቱ በወጣቶቹ እጅ ይሁንና ይታይ ተባለ። ጋሽ ፍስሐ ክሩን ከአንገታቸው አወጡ፤ ሲያወጡት ጆሯቸው ላይ ተጠላለፈ። "ይሄ ቁልፍ የጠፋ እንደሆን..." ሲሉ እትዬ ፀዳል፣ "ባቡሩን የሚያህል ነገር እንኳን የጠፋው በልጆች እጅ አይደለም፣ ጋሽ ፍስሐ" አሉ። ጋሽ ፍስሐ ሳል ያዛቸው።

የመጀመሪያው ዓርብ ጥቂት ሰው መጣ። በሁለተኛው ቡርቱካን ጓደኞቿን ሁሉ ይዛ መጣች፣ ሁሉም ሰው ቤት የሚሰሩ ናቸው። ሙሐዲን ፈረንሳይኛ ያስተምራቸው ጀመር። "ማዳም ስትጮህ ምን እንደምትል ብቻ አስተምረን" አለችው አንዷ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከጁምዓ መልስ የሙሐዲን ጓደኞች ይመጣሉ። የመኪና ረዳቶች ደግሞ ቬንትሌተሩ ስር ይተኛሉ፣ ሲነቁ ፒንግ ፖንግ ይጫወታሉ።

እትዬ ፀዳልም መጡ። በር አጠገብ ቆመው "እኔ ምን ልስራ?" አሉን። ትልቅ ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆን አያውቅም ነበር። በኋላ ቡርቱካን፣ "ወፍራም መርፌ አያያዝ ያስተምሩን" አለች።

"እሺ" አሉ እትዬ ፀዳል። ከዚያ ብቻቸውን ሳቁ። "ዛሬ ደግሞ እሺ ባይዋ እኔ ሆንኩ።"

ከዚያ በኋላ አንድ ዓርብ የፈራነው ነገር መጣ። ሰፈራችን ውሃ ይጠፋል፣ ሲፈልግ ይመጣል። ያን ዕለት ቡርቱካን ብርጭቆ ልታጥብ ቧንቧውን ከፈተችው፤ ውሃ የለም። ሳትዘጋው ጥላው ሄደች። ሁላችንም ቆልፈን ሄድን። ውሃው ሌሊቱን መጥቶ አደረ።

ቅዳሜ ጠዋት ሙሐዲን ሲደርስ ቤቱ ኩሬ ሆኗል። የታችኛው መደርደሪያ መጽሐፍ ሁሉ አብጧል። ውሃው በበሩ ስር አልፎ ጎረቤታችን ኒዛር የመናዊው ሱቅ ገብቶ ሩዙን ነክቶበታል። ሙሐዲን ሽማግሌዎቹን ከመጥራቱ በፊት ኒዛር ዘንድ ሄዶ ቆመ። ጓደኞቹን ጠርቶ ሱቁን ጠረጉ፣ የእርጥቡን ጆንያ ሩዝ ፀሐይ ላይ አሰጡ። አንዱ የመኪና ረዳት ከወደብ የእንጨት ፓሌት አምጥቶ ጆንያው ሁሉ ከመሬት ከፍ እንዲል አደረገ። ኒዛር በዚያ በተሰባበረ አማርኛው "ሁለት ዓመት ጎረቤት! አንድ ሰላምታ የለም! ዛሬ በዋና መጣችሁ!" እያለ ሻይ አጠጣቸው።

ጋሽ ፍስሐ ግን መጥተው እርጥቡን መጽሐፍ አንስተው አዩና መልሰው አስቀምጠውት ሄዱ። ሐሙስ ስብሰባ ተጠራ። ሁላችንም ምን እንደሚባል ገባን፤ ቤቱ መዘጋቱ ነው።

ቡርቱካን ስልኳን ዘጋች። እትዬ ፀዳል ረቡዕ ሱቅ መጥተው "ተነሽ" አሉኝና በሚኒባስ ራስ ዲካ ሄድን። ቡርቱካን የውጭውን በር ገርበብ አድርጋ በስንጥቁ ነው ያነጋገረችን። አይኗ አብጧል።

"እኔን ተዉኝ እትዬ። ሌላ ሰው ተኩ። ዓርብ እንዲከፈት ነገሩን ያነሳሁት እኔ፣ ያጠፋሁትም እኔው።"

የሚያባብሏት መስሎኝ ነበር። አላባበሏትም። አልተቆጧትምም። ከቦርሳቸው ውሃ አውጥተው ጠጡ፣ ለሷም ሰጧት።

"ከኮሚቴው ትንሿ ማን ናት?" አሏት።

"እኔ።"

"ታዲያ አንቺ ካልመጣሽ ስብሰባው በማን ይጀመራል?"

እትዬ ፀዳል ማዳሟን አስጠርተው በዚያ በባቡር ጣቢያ ፈረንሳይኛቸው ሐሙስ እንዳትከለክላት ለመኑላት። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ "ትመጣለች ብለው ነው?" አልኳቸው። "አላውቅም" አሉኝ። "እንድትመጣ አላዘዝኳትም እኮ። ወንበሯ እንዳለ ነው የነገርኳት።"

ሐሙስ ሁሉም ተቀምጦ ወንበሯ ባዶ ነበር። ጋሽ ፍስሐ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እትዬ ፀዳል "ትንሽ እንቆይ" አሉ። ቆየን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የወደብ ጡረተኛው ጋሽ ሽመክት፣ "ለአንዲት ልጅ ስንት እንጠብቅ?" አሉ። "እኛ ለሞተ ሰው ስንጠብቅ እናመሽ የለ እንዴ፣ በሕይወት ላለችው ትንሽ አንጠብቅም?" አሏቸው እትዬ ፀዳል። ይሄን እያሉ ቡርቱካን እያለከለከች ገባች።

አልተቀመጠችም። እንደቆመች ተናገረች።

"ቧንቧውን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። ውሃ አልነበረም፣ ረሳሁት። ሙሐዲንም ፅዮናዊትም የሉበትም። ልትቆጡኝ ትችላላችሁ።" የጨረሰች መስሎኝ ነበር። "ግን ዓርብ አይዘጋ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስሜን የሚጠራኝ የለም። 'ነይ' ነው፣ 'ውሰጂ' ነው የሚሉኝ። ዓርብ እዚህ ስመጣ ቡርቱካን ነኝ። ቧንቧውን ደግሞ ተራ አውጥተናል፣ ሁሌ መጨረሻ የሚወጣው ሰው ነክቶት ይወጣል።"

እኔና ሙሐዲን ቀጠልን። ብዙ አልጨመርንም፣ ምን ይጨመራል? ከዚያ ጋሽ ሽመክት፣ "አላልንም ነበር? ልጅ ቁልፍ ይዞ..." ብለው ጀመሩ። የእትዬ ፀዳል ተራ ሲደርስ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ተናገሩ።

"እኛ በተሳሳተ ቀን በር ከፍተን ሁለት ዓመት ስንጠብቅ ማን ቁልፍ ቀማን? ማንም። ነገሩን የነገረችን ይቺ ልጅ ናት። ከላይ ሆነን ስናየው ደህና ቤት ነበር። ቀዳዳውን ያዩት ከስር ያሉት ናቸው። አሁን ቀዳዳ ያሳየንን ሰው እናስወጣ ነው የምትሉት?"

መጨረሻ ጋሽ ፍስሐ ቀሩ። እጃቸው ቁልፉ በነበረበት አንገታቸው ላይ ይሄድና ይመለሳል።

"መጨረሻ መናገር ለካ እንዲህ ከባድ ነው" አሉ። "የማውቀውን ሁሉ ተናግራችሁ ጨረሳችሁት።" ከዚያ ወደ ቡርቱካን ዞሩ። "ድንኳኑ እኔ ግቢ ይቀመጣል። ዘነቡ ትጮህብኛለች፣ የልብስ ማስጫዋ ነው። ትጩህ፣ ባለቤቴ ናት፣ ለምጃታለሁ። ቤቱ ግን አይዘጋም። እሁድም ለኛ ለሽማግሌዎቹ ይቅርልን፣ ፒንግ ፖንጉን ለምደነዋል።"

ማንም አላጨበጨበም፣ ሁሉም ሲተነፍስ ግን ተሰማኝ።

"ደግሞ" አሉ ጋሽ ፍስሐ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ዓርብ መጥቼ ቧንቧውን ላየው ነበር። መምጣት ይፈቀዳል?"

ቡርቱካን እትዬ ፀዳልን አየች። እትዬ ፀዳል ጣሪያውን አዩ።

"ይፈቀዳል ጋሼ" አለች ቡርቱካን። "ግን ወንበሩን የሚያመጣው የመጣው ሰው ራሱ ነው።"

ዓርብ ጋሽ ፍስሐ የሚታጠፍ ወንበር በአንድ እጃቸው፣ የቧንቧ መፍቻ በሌላ እጃቸው ይዘው መጡ። በር ላይ እንደ ልጆቹ ጫማቸውንም አወለቁ። ያንን እንኳን ማንም አልነገራቸውም ነበር።

እትዬ ፀዳል ያን ቀን የእድሩን ድንኳን ቀዳዳ ከልጆቹ ጋር ሆነው እየሰፉ ነበር። ድንኳኑን ደጅ ፀሐይ ላይ በገመድ ወጥረው፣ ቡርቱካንን ከስር አስገብተዋታል። በመሀል ስልካቸው ጮኸ፤ በእምነት ነው፣ ከሳውዲ። እጃቸው ስለተያዘ ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው።

"እማዬ፣ ምንድነው ጫጫታው?"

"ስራ ላይ ነን። ትንሿ ቀዳዳ እየቆጠረች ነው። በል በኋላ ደውል፣ ልስማት።"

"እምቢ" አለ በእምነት እየሳቀ። "እኔም ልስማ።"

እትዬ ፀዳል መርፌውን ድንኳኑ ላይ ሰክተው ተዉት። በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ፣ ላብ ነው ብለው። ከዚያ ስልኩን ተቀብለውኝ ቁጭ አሉ።

"ቆይ!" አለች ቡርቱካን ከስር። "አንድ ቀረችኝ!"